ባቄላው በህያው ማዳበሪያ ለምን አልተለወጠም?

ጥያቄው፦ «የምጽፍልዎት ከሰሜን ሸዋ፣ ከባሶና ወራና ወረዳ ነው። ባለፈው ክረምት በአባቴ መሬት ላይ ባቄላ ስንዘራ የባቄላ ህያው ማዳበሪያ ገዝቼ አመጣሁ። ዘሩን ማታ ለውሰን አሳደርነው። ጠዋት ከኤንፒኤስ ጋር አደባልቀን በተንነውና በማረሻ አለበስነው። እንዲጠነክር ብለን በኋላ ዩሪያ ጨመርንበት። ቅጠሉ አምሮ ነበር። ምርቱ ግን ከሌላው ጊዜ አልተለየም። ከታች ሜዳው ላይ ያለው ጎረቤታችን ምንም ሳይለውስ ከእኛ የተሻለ አገኘ። መሬታችን ተዳፋት ነው፣ አፈሩም ቀላ ያለ ነው፤ የእሱ ጠቆር ይላል። አሁን ደግሞ አንድ ነጋዴ ፈንገስና ባክቴሪያ የተቀላቀለበት ፈሳሽ አለ፣ ለሁሉም ሰብል ይሆናል፣ ማዳበሪያም ኖራም አያስፈልግህም እያለኝ ነው። አባቴ ሁለተኛ እንዳታመጣብኝ ብለዋል። ፈሳሹን ልግዛ ወይስ ልተወው? ለሽምብራና ለስንዴስ ይሆናል?»

ፈሳሹን አትግዛ። የገዛኸው የህያው ማዳበሪያ ፓኬት ላይ ግን ገና አትፍረድበት፤ እናንተ ማሳ ላይ የመሥራት ዕድል አላገኘም። ከጻፍከው ውስጥ ብቻ ሦስት ነገሮች ጎድተውታል። አንደኛው ተለውሶ ማደሩና ኤንፒኤስ ከሚባለው ማዳበሪያ ጋር መደባለቁ ነው። ሁለተኛው ዩሪያው ነው። ሦስተኛውና ምናልባትም ዋነኛው አፈራችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ፓኬቱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እንግባባ። ብዙ ገበሬ ገንዘቡ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ፓኬቱ ውስጥ ለሰብሉ የሚሆን ምግብ የለም። ጥቁሩ ዱቄት ማቆያ ነው። ዋናው ነገር ዱቄቱ ውስጥ በሕይወት ያለው ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ነው። ጥሩ ከሆነ በአንድ ግራም ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን ይደርሳል። ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነም ይሞታል። ፀሐይ ይገድለዋል፣ ሙቀት ይገድለዋል፣ ድርቀት ይገድለዋል፣ ጨው ይገድለዋል። ከሞተ በኋላ በመልኩ ልትለየው አትችልም፤ ዱቄቱ ያው ጥቁር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሰብል ግን በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። የባቄላ ሥር አፈር ውስጥ የሚለቀው ኬሚካል አለ። ራይዞቢየም ያን ሲያገኝ በምላሹ የራሱን ምልክት ይልካል። ከተግባቡ የሥሩ ፀጉር ይጠመዘዝና ባክቴሪያውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በገባበት ቦታ ኖዱል የሚባል ትንሽ እባጭ ይበቅላል። ባክቴሪያው እዚያ ሆኖ የአየሩን ናይትሮጅን ሰብሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይለውጣል። ሰብሉ ደግሞ በቅጠሉ ከሠራው ስኳር ይመግበዋል። ጥራጥሬ ናይትሮጅንን ከአየር የሚያገኘው በኖዱሎቹ በኩል መሆኑን ጀርመናዊው ሄልሪጌል እ.ኤ.አ. በ1886 ይፋ አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሆላንዳዊው ባይርንክ ባክቴሪያውን ከኖዱሉ ለይቶ አወጣው። ነገሩ አዲስ ፋሽን አይደለም ለማለት ነው።

ዋጋውን በቁጥር እንየው። የባቄላ ፍሬ 25 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው። ይህ ማለት 4 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ብታገኙ ፍሬው ብቻ 80 ኪሎ ናይትሮጅን ይዞ ከማሳው ይወጣል። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው 46 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ ያ ምርት አንድ ኩንታል ከ70 ኪሎ በላይ ዩሪያ የያዘውን ያህል ናይትሮጅን ተሸክሟል። አባትህ በባቄላ ላይ ያን ያህል ዩሪያ ጨምረው አያውቁም። ታዲያ ከየት መጣ? አብዛኛው የመጣው ከኖዱሉ ነው፤ ማንም ሳይለውሰው፣ አፈሩ ውስጥ ቀድሞ በነበረው ባክቴሪያ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከፓኬት የሚገባ ራይዞቢየም ለውጥ የሚያመጣው አፈሩ ውስጥ ወገኑ በማይገኝበት ወይም ያለው ደካማ በሆነበት ማሳ ላይ ነው። አኩሪ አተርን ውሰድ። አኩሪ አተር ለብራዚል መጤ ሰብል ነበር። አፈራቸው ውስጥ የእሱ ባክቴሪያ አልነበረም። ዮሐና ዶበራይነር የተባለች የአፈር ሳይንቲስት ሰብሉ በዩሪያ ሳይሆን በባክቴሪያ እንዲለማ አጥብቃ ተከራከረች። ዛሬ ብራዚል ከ40 ሚሊዮን ሄክታር በላይ አኩሪ አተር የምታመርተው ናይትሮጅን ማዳበሪያ ሳትጨምርበት ነው ማለት ይቻላል። እኛም ጋ በመተከል፣ በጅማ ወይም በወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ አኩሪ አተር ለሚዘራ ሰው ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ ሳይለውስ እንዳይዘራ።

ባቄላ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥሎ የምትጠቀስ አገር ናት። በደጋችን ከጥንት ጀምሮ ሲዘራ ኖሯል። በየሦስትና አራት ዓመቱ ባቄላ ወይም አተር የሚዞርበት ጤነኛ ማሳ ብዙ ጊዜ የራሱ ባክቴሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሃዋይ የወጣ ጥናት በአንድ ግራም አፈር ውስጥ ሃምሳ ያህል ተስማሚ ባክቴሪያ ብቻ ካለ እንኳ ከውጭ የሚጨመረው ለውጥ ላያመጣ እንደሚችል አሳይቷል። ጎረቤታችሁ ሳይለውስ ጥሩ ማግኘቱ ስለዚህ አያስገርምም። የእሱ ጥቁር አፈር ውስጥ ባክቴሪያው ሞልቶ ይሆናል።

የእናንተው ቀይ ተዳፋት ግን ያሳስበኛል። በደጋ ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ሲወስድ አፈሩ እየቆየ አሲዳማ ይሆናል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማው ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል። የአፈሩ አሲድነት የሚለካበት ፒኤች (ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመታል። ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ፎስፈረስም በብረትና በአሉሚኒየም ተይዞ ሰብሉ አያገኘውም። ኖዱሉ የሚሠራበት ሞሊብደነም የሚባል ንጥረ ነገር ይጠፋል። ባክቴሪያው ራሱ አሲድ ቢችል እንኳ ከሥሩ ጋር የሚግባባበት የመጀመሪያው ደረጃ ለአሲድ በጣም ስስ ነው። እንዲህ ባለ አፈር ላይ ምርጥ ባክቴሪያ ብታፈስበት ከንቱ ድካም ነው።

ይህን በዓይንህ ማረጋገጥ ትችላለህ። ግቢያችሁ ውስጥ ከቤቱ አጠገብ ባቄላ ከተዘራ ማሳው ላይ ካለው ይበልጥ ያምራል አይደል? ሰው ሁሉ ምክንያቱን ፍግ ብቻ ይለዋል። ፍጉ አለበት፤ ግን አመዱም አለበት። ለዓመታት የተደፋው የምድጃ አመድ የዚያን አፈር አሲድ ቀንሶታል። ማሳው ላይ ያን ሥራ የሚሠራው የግብርና ኖራ ነው። «ኖራ አያስፈልግህም» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ጨዋታው እዚያ ላይ አበቃ። አሲድን የሚያርም ባክቴሪያ የለም፤ ፈንገስም የለም።

ወደ ዩሪያው ልምጣ። ሰብሉ ለኖዱሉ ስኳር የሚከፍለው ሲቸግረው ብቻ ነው። ናይትሮጅን በነጻ አፈሩ ውስጥ ካገኘ ባክቴሪያውን አያስገባም፤ ያስገባውንም ያስርበዋል። ቅጠሉ አምሮ ነበር ያልከው ለዚህ ነው፤ ያማረው በዩሪያ ነው። የባቄላ ቅጠል ሲበዛና ሲረዝም ደግሞ አበባው ይረግፋል፣ ይጋደማል፣ ፍሬው ያንሳል። በባቄላ፣ በሽምብራ፣ በምስርና በአተር ላይ ዩሪያ አትጨምሩ። ከኤንፒኤስ የሚገኘው ይበቃል። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ቡቃያው ኖዱሉ እስኪደርስለት ድረስ ያ በቂው ነው። ቦሎቄ ትንሽ ይለያል፤ እሱ ናይትሮጅን በመያዝ ከሌሎቹ ደካማ ስለሆነ መጠነኛ ተጨማሪ ሊፈልግ ይችላል።

ኤንፒኤሱ ራሱ ግን ያስፈልጋል፤ በፎስፈረሱ ምክንያት። ናይትሮጅንን ከአየር መያዝ ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ያ ጉልበት የሚመጣው በፎስፈረስ ነው። ፎስፈረስ ባጣ ማሳ ላይ ኖዱሉ ትንሽና ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ «ህያው ማዳበሪያ ካለ ኤንፒኤስ ይቅር» ማለትም ስህተት ነው። የእናንተ ችግር ኤንፒኤሱን መጨመራችሁ ሳይሆን ከተለወሰው ዘር ጋር በአንድ ዕቃ ማደባለቃችሁ ነው። ማዳበሪያው ጨው ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ አሲድም ይሆናል። ዘሩ ላይ በስሱ የተለጠፈውን ባክቴሪያ ገና መሬት ሳይነካ ይጨርሰዋል። ሌሊቱን ማደሩ ደግሞ አድርቆታል። በማግስቱ የዘራችሁት በአመዛኙ የሞተ ነገር ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ውሃም መርሳት የለብንም፤ ይኸኛው ጎረቤታችሁን ነው የሚመለከተው። ዋልካ አፈር ላይ ውሃ ከተኛ ኖዱሉ ይታፈናል። ሥሩ በጥቁር አበስብስ ይያዛል። እዚያ ላይ ከየትኛውም ፓኬት በፊት የሚቀድመው ሹሩቤ (ቦይና መደብ) ማውጣት ወይም አይባር በሚባለው የእርሻ መሣሪያ ውሃውን ማጠንፈፍ ነው።

አሁን ወደ ፈሳሹ እንሂድ። ለሁሉም ሰብል የሚሆን ራይዞቢየም የለም። የባቄላው ዝርያ አተርን፣ ምስርንና ጓያን ያገለግላል። ሽምብራ ግን የራሱ የሆነ ሌላ ባክቴሪያ አለው። የባቄላውን ፓኬት ሽምብራ ላይ ብትለውሰው ዱቄት እንደ መጨመር ነው። አኩሪ አተር ሌላ ነው፣ ቦሎቄ ሌላ ነው፣ ግብጦም ሌላ ነው። ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ደግሞ ኖዱል የሚባል ነገር አያወጡም። ለስንዴ ተብለው የሚሸጡ አዞስፒሪለም የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች አሉ። የሚያደርጉት ነገር በአብዛኛው ሥር ማበርታት ነው። ዩሪያን ይተካሉ ብለህ አትጠብቅ።

ፈንገሱ የትኛው እንደሆነ አልነገረህም። ምናልባት ማይኮራይዛ ነው፣ ምናልባትም ትራይኮደርማ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ማይኮራይዛ የምር ድንቅ ፍጡር ነው። ከሥሩ ውስጥ ገብቶ ከሥር ፀጉር በጣም የቀጠነ ክር ወደ አፈሩ ይዘረጋል። ሥሩ ከማይደርስበት ቦታ ፎስፈረስና ዚንክ ያመጣል፤ ሰብሉ ስኳርና ስብ ይሰጠዋል። ይህ ኑሮ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በቅሪተ አካል ላይ ታይቷል። ራይዞቢየም ወደ ጥራጥሬ ሥር የመጣው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። የሚገርመው ደግሞ ሥሩ ባክቴሪያውን ለመቀበል የሚጠቀምባቸው ብዙዎቹ ጂኖች ፈንገሱን ለመቀበል ይጠቀምባቸው የነበሩት ራሳቸው ናቸው። ባቄላና ሽምብራ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያስተናግዳሉ። ፈንገሱ የሚያመጣው ፎስፈረስ ለኖዱሉ ጉልበት ይሆናል። በሙከራ ማሰሮ ውስጥ ሁለቱ ተደምረው ከየብቻቸው ይበልጥ ሲሠሩ ይታያል። ነጋዴው የሚያወራው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ችግሩ ከማሰሮ ወደ ማሳ ሲወጣ ነው። የዚህ ዓይነቱ ማይኮራይዛ ያለ ሕያው ሥር አይኖርም። እንደ እርሾ በበርሜል ማራባት አይቻልም። የሚመረተው ተክል ተተክሎ፣ በሥሩ ላይ አድጎ ነው። ስለዚህ ውድ ነው፤ ለአንድ ሄክታር የሚበቃውም ብዙ ነው። ርካሽ ፈሳሽ ውስጥ ስንቱ በሕይወት አለ? ከዚህም ሌላ ማሳችሁ ውስጥ በተፈጥሮው አለ። የሚያስፈልገው አለማጥፋት ነው። ደጋግሞ ማረስ ክሩን ይበጣጥሰዋል። ማሳው ለረጅም ጊዜ ባዶውን ሲከርም ይራባል። ጎመን ዘር አያስተናግደውም፤ ከጎመን ዘር ቀጥሎ የሚዘራ ሰብል ፈንገሱን ሳስቶ ሊያገኘው ይችላል። ፎስፈረስ ከልክ በላይ ሲጨመርም ሰብሉ ራሱ ይተወዋል። ማይኮራይዛን መግዛት የሚያዋጣው በችግኝ ጣቢያ ነው፤ አፈሩ ሲቀቀል ወይም ከሥር ከተቆፈረ አፈር ላይ ችግኝ ሲፈላ። ለባቄላ ማሳ አይደለም።

ስለ ግብጦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ግብጦ ከጥራጥሬ ሁሉ የሚለየው ማይኮራይዛ የማይፈልግ መሆኑ ነው። ፎስፈረስ ሲቸግረው እንደ ጠርሙስ ብሩሽ የተሰባሰቡ ጥቃቅን ሥሮች ያወጣል። ከእነሱ ሲትሪክ አሲድ እየለቀቀ የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታዋል። ናይትሮጅኑንም በራሱ ባክቴሪያ ከአየር ይይዛል። ጎጃምና አዊ ላይ በደከመ አሲዳማ መሬት፣ ያለ ማዳበሪያ፣ አንዴ ታርሶ ተዘርቶ የሚበቅለው ለዚህ ነው። ተዳፋታችሁ ፒኤቹ በጣም ወርዶ ከተገኘና ኖራ ቶሎ ካልተገኘ በአንዱ ጥግ ግብጦ መሞከር ከፈሳሹ የተሻለ ሐሳብ ነው። ፍሬው መራራ ስለሆነ በውሃ ሳይዘፈዘፍና ሳይታጠብ ግን አይበላም።

ትራይኮደርማ ሌላ ሥራ ነው ያለው። ሌሎች ፈንገሶችን የሚያጠቃ ፈንገስ ነው። በሽምብራ አጠውልግና በሥር አበስብስ ላይ ዘሩ ላይ ሲለወስ የሚረዳበት ጊዜ አለ። መከላከያ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ከታመመ በኋላ ቢረጭ ፋይዳ የለውም። በእናንተ አካባቢ ባቄላን እየፈጀ ያለውን፣ ቅጠሉን የሚያሳብጠውን ቆርምድ ያድናል ብለው ከሸጡልህም አትመን። የቆርምዱ እባጭ ቅጠልና ግንድ ላይ ነው፤ በሽታ ነው። ኖዱሉ ሥር ላይ ነው፤ ጤና ነው። አንዳንዱ ሁለቱን ያምታታል።

ፎስፈረስ ያሟሟሉ የሚባሉ ባክቴሪያዎችም አሉ። በላብራቶሪ ሳህን ላይ ያምራሉ፤ በማሳ ላይ ውጤታቸው አንዱ ቦታ ይታያል፣ ሌላው ቦታ ይጠፋል። የሚታመን ነገር ሲሆን ማሸጊያው ላይ አራት ነገር ይጻፋል፦ የፍጡሩ ስም፣ በግራም ወይም በሚሊ ሊትር ስንት እንዳለ፣ ለየትኛው ሰብል እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያበቃ። ነጋዴውን ጠርሙሱን አሳየኝ በለው። አራቱ ከሌሉ ወደ ቤትህ ሂድ።

እንግዲህ በዚህ ዓመት የምታደርገው ይህ ነው። ገንዘቡን መጀመሪያ ለአፈር ምርመራ አውለው። ማሳውን እየተዘዋወርክ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ቆፍረህ አፈር ውሰድ። በንጹሕ ባልዲ አደባልቅና አንድ ኪሎ ያህሉን ላክ። የማዳበሪያ ከረጢት ወይም አመድ የነካው ባልዲ አትጠቀም። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወዴት እንደሚላክ ያውቃል፤ ደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከልም ሩቅ አይደለም። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ከሆነ በዚህ ዓመት የሚቀድመው ኖራው ነው። መጠኑ በምርመራው ይወሰናል፤ በሄክታር በቶን የሚቆጠር ስለሆነ በአንድ ጊዜ ካልቻላችሁ በግማሽ ጥማድ ጀምሩ። ከመዝራት አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ ይደባለቅ።

ከዚያ ፓኬቱን በትክክል እንሞክረው፤ አባትህን የሚያሳምነው የእኔ ወሬ ሳይሆን ማሳው ነው። በአገራችን የተለመደው ምክር ለአንድ ሄክታር 500 ግራም ነው፤ ለአንድ ጥማድ 125 ግራም መሆኑ ነው። ቀኑ ያላለፈበት መሆኑን አይተህ ግዛ። በሱቁ መስኮት ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ተወው። እስክትዘራ ድረስ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አኑረው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታስቀምጠው። የዘር መድኃኒት የተቀባ ዘር አትጠቀም፤ ለፈንገስ የተሠራው መድኃኒት ባክቴሪያውንም ይጎዳል።

ከማሳው እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ሰቆች ለይ። አፈራቸው፣ ተዳፋታቸውና ያለፈው ዓመት ሰብላቸው አንድ ይሁን። መጀመሪያ ያልተለወሰውን ዝራ። ይህ ቅደም ተከተል ቀልድ አይደለም፤ እጅህና ዕቃህ ባክቴሪያውን ያዛምቱታል። ከዚያ ጥላ ሥር፣ በንጹሕ ሳፋ ውስጥ ዘሩን ለውስ። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር አሟሟ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክፍቱን አሳድረው፤ ክሎሪኑ ይውጣለት። ዘሩን በስኳር ውሃው አወዛው፤ ውሃ እንዳይቋጥር ተጠንቀቅ። ዱቄቱን ነስንስበትና እያንዳንዱ ፍሬ እስኪጠቁር ቀስ ብለህ አገላብጠው። ካሸኸው ልጣጩ ይላጣል። ጥላ ላይ ትንሽ ጠፈፍ ይበልና በዚያው ሰዓት፣ እርጥብ አፈር ላይ ዝራው። ወዲያው አልብሰው። ኤንፒኤሱ ለብቻው፣ በመስመር ከዘሩ ራቅ ብሎ ወይም ቀድሞ ከአፈር ጋር ተደባልቆ ይግባ፤ በሄክታር አንድ ኩንታል ሂሳብ፣ በሁለቱም ሰቅ ላይ እኩል። ዝናብ መጥቶ ካቋረጣችሁ የተረፈውን ዘር ለነገ አታቆየው፤ ነገ እንደገና ለውሰው።

ከዳር ደግሞ ጥቂት እርምጃ የምታህል ሦስተኛ መደብ ለይና ያልተለወሰ ባቄላ በዩሪያ አብቅልባት። ይህች ለምርት አይደለችም፤ ለምርመራ ናት። ዩሪያ ያገኘችው ካልተለወሰው ሰቅ ይበልጥ ካልጠቆረችና ካልበለጠች፣ ማሳው የሚቸገረው ናይትሮጅን አይደለም። ያኔ ምንም ዓይነት ራይዞቢየም አይረዳችሁም፤ ችግሩን በፎስፈረስ፣ በአሲድ ወይም በውሃ ፈልጉ።

በተዘራ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አበባ ሲጀምር፣ አካፋ ይዘህ ውረድ። ከየሰቁ አሥር ያህል ተክል ከነአፈሩ ቆፍረህ አውጣ። በእጅህ ስበህ አትንቀለው፤ ኖዱሉ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ አንተም የለም ትላለህ። ሥሩን በባልዲ ውሃ ውስጥ ነክረህ በቀስታ እጠበው። ኖዱል በጣትህ ስትነካው ከሥሩ ጎን ይረግፋል። የማይረግፍና ሥሩን ራሱን ያሳበጠ ከሆነ ኔማቶድ የሚባል ትል ሊሆን ይችላል። አሁን ኖዱሉን በጥፍርህ ሰንጥቀው። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ያን ቀለም የሚሰጠው በእኛ ደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን የሚመስል ነገር ነው፤ ኦክስጅን እየያዘ ለባክቴሪያው በልክ ያቀብላል። ነጭ ከሆነ ገና ነው ወይም ሰነፍ ነው። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ አርጅቷል። ትልልቅ ቀይ ኖዱሎች በዋናው ሥር ላይ፣ ወደ ግንዱ ተጠግተው ከተሰበሰቡ ከዘሩ ጋር የገባው ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም። በጎን ሥሮች ላይ የተበታተኑት በአብዛኛው የአፈሩ ናቸው።

አባትህን በዚያ ቀን ይዘሃቸው ውረድ፤ ሥሩን እሳቸው ይሰንጥቁት።

ሁለቱም ሰቅ ላይ ቀይ ኖዱል ሞልቶ ካገኛችሁ ማሳችሁ የራሱ ባክቴሪያ አለው፤ ለባቄላ ፓኬት መግዛት አቁሙ። በተለወሰው ላይ ብቻ ካያችሁ በየጊዜው መለወስ ያዋጣችኋል፤ የፓኬቱ ዋጋ ከኤንፒኤሱ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በሁለቱም ላይ ከሌለ፣ አሠራራችሁም ትክክል ከነበረ፣ ፒኤቹን ተመልከቱ።

ለሽምብራው ያው አካሄድ ነው፤ በሽምብራ ፓኬት። አንድ ጥንቃቄ ጨምር። ሽምብራ ዝናቡ ሲወጣ በቀሪ እርጥበት ስለሚዘራ የላይኛው አፈር ቶሎ ይደርቃል፤ የተለወሰው ዘር ደረቅ አፈር ላይ ካረፈ ባክቴሪያው በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ጠዋት በማለዳ ወይም ወደ ማታ ዝሩት፤ እርጥበቱ ድረስ ጠለቅ ይበል።

ስንዴውን በሚቀጥለው ዓመት ባቄላው በነበረበት ማሳ ላይ ዝሩት። ግን ባቄላ መሬት ያከብራል የሚባለው በከፊል ነው። ናይትሮጅኑ አብዛኛው በፍሬው ወጥቷል። ገለባውንም ለከብት ካጋዛችሁትና ሥሩን ነቅላችሁ ከወሰዳችሁት ለአፈሩ የቀረው ጥቂት ነው። ባቄላውን ከመሬት በላይ እጨዱት፤ ሥሩና የረገፈው ቅጠል እዚያው ይቅር። ከብቱ ገለባውን ከበላ ፍጉ ወደ ማሳው ይመለስ፤ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ከገባ ያ ናይትሮጅን ጢስ ሆኖ ሄዷል። ይህን ካደረጋችሁ የስንዴውን ዩሪያ በአንድ ትንሽ መደብ ላይ ከልማዳችሁ ቀንሳችሁ ሞክሩ። ልዩነት ካልታየ በሌላው ዓመት በሙሉ ማሳው ላይ ቀንሱ።